ስለ አረንጓዴው ስክሪንና ስለ አውራ ጣቴ

ለክቡር ታሽታንቤክ ኦሮዞቪች
የስርጭት መሣሪያዎች ክትትልና ቁጥጥር ሶፍትዌር መራጭ ኮሚሽን ሊቀመንበር
ቢሽኬክ

ክቡር ሆይ፣

የእርስዎ ጤና፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዐይኖችዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? ስለ ዐይኖችዎ ለይቼ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ስክሪን አረንጓዴ ብርሃኑን ቀኑን ሙሉ ፊትዎ ላይ ሲያሳርፍ እንደሚውል አውቃለሁ፤ አረንጓዴ ዐይን ያሳርፋል ይባላል፤ ያረፈ ዐይን ደግሞ ቶሎ ይከደናል።

ሱዩምካን ቤይሼኖቭና እባላለሁ። ከኮችኮር በላይ ባለው የሳተላይት ምድር ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ መሐንዲስ ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምም፤ በእናንተ መዝገብ የሰፈርኩት በስሜ ሳይሆን በቀኝ እጄ አውራ ጣት ነውና። ባለፉት አሥራ አራት ወራት አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ፤ በአሥራ አንዱም የጠየቅሁት አንድና ያው ጥያቄ ነበር። ይህ አሥራ ሁለተኛው ግን ጥያቄ የለበትም። ጊዜ አጥተው ሊሰጡኝ ያልቻሉትን መልስ ራሴ ይዤልዎት መጥቻለሁ። በጋዜጣ ማውጣቴንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ጽሕፈት ቤትዎ በደብዳቤ ብዛት እንደሚጨናነቅ ስለማውቅ የማንበቡን ድካም ለአገር ላካፍል ብዬ ነው።

ከመልሱ በፊት ግን ምስጋና ይቀድማል። ኮሚሽኑ ቁጥር ያለው ነገር እንደሚወድ ስለማውቅ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። ሦስት ሶፍትዌሮች በጣቢያችን ተራ በተራ ይሞከሩ ብላችሁ ስታዝዙ፣ ሞኝነቴን ይቅር ይበሉኝና፣ የሚፈለገው አንቴናዎቹን፣ ማሰራጫዎቹንና ማሞቂያዎቹን የሚያይ፣ ሲታመሙ የሚናገር፣ ሲያዙትም የሚታዘዝ ዕቃ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ሶፍትዌር በተሰካ በአንድ ሰዓት ውስጥ አርባ ሦስት ብልሽት ቆጠረ። አርባውን እናውቃቸው ነበር። ሦስቱን አናውቃቸውም ነበር፤ ከነሱ አንዱ በሁለተኛው አንቴና ማሞቂያ ውስጥ ያለ የተቃጠለ ሽቦ ነው አለን፤ መሰላል ተሸክመን ሄደን ስናየው በእርግጥም ተቃጥሎ ነበር። ሁለተኛው ሶፍትዌር እዚያው ቢሽኬክ ያሉ ወጣቶች የሠሩት ነው፤ መልኩ አያምርም፤ ግን የማያውቀው አሮጌ መሣሪያ ሲገጥመው «ይህን አላውቀውም» ብሎ ይጽፋል። ይህን ትሕትናውን ወድጄለት ነበር። ሦስተኛው ሲበራ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። አሮጌ መሣሪያዎቻችን አንዳቸውም እንዳልመለሱለት እኔ ከጀርባው ያለውን መስመር አይቼ አውቄያለሁ፤ ያልመለሰለትን ሁሉ ደህና ነው ብሎ ነበር የሚያልፈው። ይህንንም በሪፖርቴ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ይገዛ አልኩ።

የኮሚሽኑ ቃለ ጉባኤ በሳምንቱ ደረሰን። እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ «የመጀመሪያው ሶፍትዌር ብልሽት ባልነበረበት ጣቢያ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ አርባ ሦስት ብልሽት ያስከተለ በመሆኑ ውድቅ ተደርጓል፤ ሁለተኛው አለማወቁን በራሱ አንደበት ያመነ በመሆኑ ውድቅ ተደርጓል፤ ሦስተኛው መሣሪያዎቹን ሁሉ ጤናማ ያደረገ በመሆኑ ተመርጧል» ይላል። የጣቢያችን መካኒክ ዤኒሽ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ በበረዶ ቀን ቀኝ ጉልበቱን እየጎተተ የሚሄድ ሰው፣ ይህን ሳነብለት «እንግዲያው ጉልበቴ ላይም ይሰኩልኝ» አለ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጣቴ አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ሶፍትዌር የሙከራ ቀን የኩባንያው ሰው የኃላፊ ጣት ያስፈልገኛል አለ፤ «የማንም ይሁን፣ ለሙከራ ነው» አለ። በመጀመሪያ ዤኒሽ ጣቱን ሰጠ። አርባ ዓመት ብረትና ናፍጣ የነካ ጣት ስለሆነ መስመሩ ሁሉ አልቋል፤ መሣሪያው ሦስት ጊዜ «ሰው አልተገኘም» ብሎ ጻፈ። «እናቴም እንዲሁ ትለኝ ነበር» አለ ዤኒሽና እጁን በሱሪው ጠርጎ ፈቀቅ አለ። ወጣቱ ባልደረባችን ሲይሚክ በዚያ ሰዓት አንቴናው ላይ ወጥቶ በረጅም መጥረጊያ በረዶ ይጠርግ ነበር። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ተጫንኩ። አንድ አፍታ ነው የፈጀው። በሕይወቴ ከወሰንኳቸው ነገሮች ሁሉ ያችን አፍታ ያህል ሳላስብ ያደረግሁት ነገር የለም።

በመመሪያው አሥራ ዘጠነኛ ገጽ ላይ እንዲህ ተጽፏል፤ «ኃላፊው በየስድስት ሰዓቱ መኖሩን በጣቱ ያረጋግጣል፤ ካላረጋገጠ ጣቢያው ሰው እንደሌለበት ተቆጥሮ በደህና ይዘጋል።»

ሦስተኛ፣ ስለ ማኅተሙ። የኩባንያው ሰው የሙከራውን ቅጂ አጥፍቶ እውነተኛውን ሊጭን፣ የሁላችንንም ጣት ሊመዘግብ ፈልጎ ነበር። ኮሚሽኑ ግን ዕቃ የሚረከበው ልክ እንዳየው፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳው። የተመረጠው አረንጓዴው ነው፤ የሚታተመውም አረንጓዴው ነው። ኮምፒውተሩ በሲባጎ ታሰረ፣ ቋጠሮው ላይ ቀይ ሰም ፈሰሰ፣ አምስታችሁም ፈረማችሁ። ትኩሱ ሰም ነጥቦብዎት «ያቃጥላል» ማለትዎን አስታውሳለሁ። በዚያን ቀን በጣቢያችን ውስጥ ስለ ሙቀት የተሰጠ ብቸኛው ትክክለኛ መረጃ እሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ጣት ለማስመዝገብ ኮምፒውተሩን መክፈት ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተሩን መክፈት ማኅተሙን መስበር ነው፤ ማኅተሙን መስበር ደግሞ የመንግሥት ንብረት ማበላሸት ነው ተባለ። ስለዚህ እኔ በሰሙ ውስጥ ቀረሁ። ኩባንያው ስንደውልለት ኮሚሽኑን ጠይቁ ይላል። ኮሚሽኑ ኩባንያውን ጠይቁ ይላል። ሁለታችሁም ድምፃችሁ መልካም ነው።

ክቡር ሆይ፣ ጣቢያችን ቴሌቪዥን ብቻ ቢያሰራጭ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ፤ አንድ ቀን ጣቴን ኪሴ ከትቼ እሄድ ነበር፣ ሰው ድራማው ቢቋረጥበት ይራገማል እንጂ አይሞትም። ከተራራው መተላለፊያ ማዶ ያሉት መንደሮች ስልክ የሚያልፈው በእኛ በኩል ነው። በበረዶ ወራት የናዳ ማስጠንቀቂያ የሚደርሳቸውም በእኛ በኩል ነው። ስለዚህ በየስድስት ሰዓቱ ተጫንኩ። ጠዋት ተጫንኩ፣ ቀን ተጫንኩ፣ ማታ ተጫንኩ፣ ከእንቅልፌ ተነሥቼ ተጫንኩ። ጣቢያው አጠገብ ባለችው የሠራተኛ ክፍል አልጋዬን አንጥፌ መኖር ጀመርኩ። አንዳንድ ቀን ከመጫኔ በፊት ጣቴን አተኩሬ አየው ነበር። ከቀሩት ጣቶቼ ተለይቶ ያረጀ ይመስለኛል። የማን እንደሆነ ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ይወስድብኝ ነበር።

አራተኛ። ባለፈው ታኅሣሥ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ በረዶ ጣለ፤ ያ የማሞቂያው ሽቦ የተቃጠለው ሁለተኛው አንቴና እስከ አፉ ተሞልቶ እንደ እርጎ ሳህን ነጭ ሆነ። ምስሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስክሪኑ «የሁለተኛው አንቴና ማሞቂያ፦ ጤናማ» ይላል፤ አረንጓዴ ነው። ሲይሚክ መጥረጊያውን ይዞ ገባ፤ ቅንድቡ ላይ በረዶ ተጋግሯል። በሩ ላይ ቆሞ እንዲህ አለኝ፤ «ኤጄ፣ እርስዎ ኃላፊ ነዎትና እስቲ ስክሪኑን ይጠይቁልኝ፤ በርዶኛል ወይስ መስሎኝ ነው?» እንደ ታላቅ እህቱ አድርጎ ኤጄ ይለኛል፤ ሲያሾፍብኝም አክብሮቱን አይተውም፤ ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰለው በዚህ ነው።

እንግዲህ ሶፍትዌሩ አለማየቱን አወቅን። ይህ ግን ጭንቀቴን አላቀለለልኝም፣ አከበደብኝ። የማያይ ነገር መዝጋትም አይችልም ለማለት ማን ይደፍራል? ምናልባት ዐይን ሳይሰጡት እጅ ሰጥተውት ይሆናል። በአሥራ አንዱ ደብዳቤ የጠየቅኩዎት ይህንኑ ነበር፤ ባልጫን በእርግጥ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም? ለአራቱ ደብዳቤዎች «ደርሶናል» የሚል መልስ ሰጣችሁኝ፤ ትሕትናችሁን አደንቃለሁ። ለሁለቱ «ጥያቄዎ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» አላችሁ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የራሴ ደብዳቤ «ለጣቢያው የሶፍትዌር ኃላፊ፣ መልስ ይስጡበት» ተብሎ ተመልሶ መጣልኝ። የሚመለከተው ክፍል እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ተቀምጬ ለራሴ መልስ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር። «ክብርት ሆይ» ብዬ ጀመርኩና ምን እንደምላት ጠፋኝ። ለአንዱ የመጣው መልስ ደግሞ የዓመት ፈቃዴ በሕግ የተጠበቀ እንደሆነ፣ የትም መሄድ እንደምችል፣ ሆኖም በየስድስት ሰዓቱ በጣቢያው መገኘት እንደሚጠበቅብኝ አረጋገጠልኝ።

አምስተኛ፣ ስለ ጂኦግራፊ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ስድስት ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት መሄጃ፣ ሦስት ሰዓት መመለሻ ነው። ሞክሬዋለሁ። ለእኔ ዓለም የሚያበቃው ቶክሞክ ከተማ መግቢያ ላይ ባለች አንዲት የሥጋ ሳምሳ መሸጫ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው አገር አለ ተብሎ የሚነገር አገር ነው። የልጄ የኑርዲን ቤት ታላስ ነው፤ በደህናው ቀን የዘጠኝ ሰዓት መንገድ። ኮምፒውተሩ በታሰረ በሦስተኛው ወር ሚስቱ አይዛዳ ሴት ልጅ ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ናት፤ ካኒሻይ ተባለች። ስሟ ጆሮዋ ላይ ሲጠራ አልነበርኩም። እኔ ራሴ የተኛሁበት፣ ልጄንም ያስተኛሁበት የሕፃን የእንጨት አልጋ ውስጥ በልማዳችን ተጠቅልላ ስትታሰር አልነበርኩም። አንድ ቀን በበጋ እዚያች ሳምሳ መሸጫ ድረስ አመጡልኝ፤ ለሃያ ደቂቃ ያዝኳት። ጸጉሬን ይዛ ሳበችው። ሰዓቴን ለማየት እጄን ሳዞር ነቃችብኝ መሰለኝ፣ አለቀሰች።

በዚህ ክረምት ተደግፋ መቆም ጀመረች።

እርስዎም የኛው አገር ሰው ነዎት፤ ልጅ መራመድ ሲጀምር ምን እንደሚደረግ አልነግርዎትም። እግሮቿ በነጭና በጥቁር ክር ይታሰራሉ፣ የሰፈር ልጆች ሮጠው ይመጣሉ፣ የቀደመው ክሩን በቢላ ይቆርጥላታል፣ እሷም በበሯ ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ትራመዳለች። በእኛ ቤት ክሩን የምትፈትለውም የምታስረውም የአባት እናት ናት። ለኑርዲን የታሰረው በእኔ በእናቱ እጅ አይደለም፣ በባለቤቴ እናት እጅ ነው፤ ለካኒሻይ የሚታሰረው በእኔ እጅ ነው። ነጩንና ጥቁሩን ሱፍ አስመጥቼ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ አረንጓዴው ብርሃን ሥር ተቀምጬ ፈተልኩ። ክሩን ከአውራ ጣቴ ላይ ጠምጥሜ አከርረው ነበር፤ ሌላ ሥራ ያለው ጣት መሆኑን ያስታውስ ብዬ።

ሥርዓቱ ግን ቀን አይጠብቅም። ልጅ አንዴ ብቻዋን ከተራመደች በኋላ የሚቆረጥ ነገር የለም። አይዛዳ እንደ እናቷ አፓ እያለች በየቀኑ ትደውልልኛለች፤ «አፓ፣ ዛሬ ግድግዳውን ለቀቀች» ትለኛለች፤ ደስታዋን ትደብቃለች፤ ደስ እንዳይላት ያደረግኋት እኔ ነኝ። «አስቀምጠናታል፣ አይዞዎት፣ ልትነሣ ስትል አቅፈን እንይዛታለን» አለችኝ ባለፈው ሳምንት። እስቲ ይህን ያስቡት፣ ክቡር ሆይ። በታላስ አንዲት ሕፃን እንዳትራመድ ታቅፋ ትውላለች፤ ምክንያቱም ቢሽኬክ ያለ ኮሚሽን አረንጓዴ ቀለም ወዷል። ቶክሞክ ድረስ ይዛችሁልኝ ኑና እዚያው እንሰርላት ብዬ ነበር። ታላቅ እህቴ ቡርማ ስልኩን ከአይዛዳ ተቀብላ «ልጅቷን እንደ ሐብሐብ መንገድ ዳር ልታወጫት ነው? እግሯ የሚፈታው በአባቷ ደጅ ነው። አንቺ ነሽ መምጣት ያለብሽ። ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገልሽበት ቤት አንድ ሳምንት አይለቅሽም?» አለችኝ። አይለቀኝም አልኳት። «ማነው የማይለቅሽ? ስሙን ንገሪኝና እኔ ላናግረው» አለች። ስም ፈለግሁ። የእርስዎን ልነግራት አስቤ ነበር፤ ግን እርስዎም ቢሆኑ ሰሙን አፈሰሱ እንጂ እኔን አልያዙኝም። ኩባንያውም አልያዘኝም። ሲባጎውም ኮምፒውተሩን ነው የያዘው። ስሙን የምነግራት ሰው አጣሁ። መስመሩ ላይ ዝም ስል ቡርማ «አለሽ?» አለች። በየስድስት ሰዓቱ የምመልሰው ጥያቄ ስለሆነ ሳላስብ አውራ ጣቴን ስልኩ ላይ ተጫንኩት።

ስድስተኛውን ቁጥር ዘልያለሁ። ያንን ቁጥር ለመጻፍ እጄ አይታዘዘኝም።

ሰባተኛ፣ ፀሐይን አመሰግናለሁ፤ ኮሚሽኑ ስላልመረጣት።

የበረዶው ወራት ሲያልቅ ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ልክ ከሳተላይቷ ጀርባ ታልፋለች። አንቴና ሁሉ ሳተላይቷን አያለሁ ሲል ፀሐይን ያያል፤ በእሷም ጩኸት ይደነቁራል፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል በአካባቢው ያለ ሰሃን ሁሉ ምስል ያጣል። ይህ በየዓመቱ በልግና መኸር የሚደርስ ነው፤ ቀኑና ደቂቃው አስቀድሞ ይታወቃል። የመተላለፊያው የበረዶ ጠባቂዎችም ያውቁታል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች በመገናኛ ሬዲዮ ይጠባበቃሉ። ማለትም በዓመት ውስጥ ጣቢያችን ቢዘጋ ማንም ሰው ምንም የማይጎድልበት ጥቂት ደቂቃዎች አሉ ማለት ነው። ማሰራጫውን እንደገና ለማስነሣት ሦስት ደቂቃ ሙቀት ይበቃዋል። ቀሪው ጊዜ ከበቂ በላይ ነው።

ይህን አሁን ያወቅሁት አይደለም። ኮምፒውተሩ ከታሰረ ወዲህ ፀሐይ ሁለት ጊዜ በላያችን አልፋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ደቂቃውን መዝግቤ፣ ተጭኜ፣ ዝም ብያለሁ። ስለምን ዝም እንዳልኩ ለራሴም አልነገርኩትም ነበር። አሁን የምነግርዎት፣ በጋዜጣ መናገር ለአንድ ሰው ብቻ ከመናገር ይልቅ ስለሚቀል ነው፤ ቢዘጋስ ብዬ ፈርቼ አልነበረም። ባይዘጋስ ብዬ ፈርቼ ነበር።

በዚህ ዓመት አይዛዳ «ግድግዳውን ለቀቀች» ባለችኝ ማግስት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ላይ ተጫንኩ፤ ስድስቱ ሰዓት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሰባት ላይ እንዲያልቅ ማለት ነው። ፀሐይዋ ከሳተላይቷ ጀርባ የምትገባው ሰባት ሰዓት ከአምስት ላይ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መተላለፊያው ላይ ያሉትን በሬዲዮ ጠየቅናቸው፤ በረዶው ዝም ብሏል አሉን። ዤኒሽ ማሰራጫው ቤት ሄዶ እጁን የማቀዝቀዣው ሽፋን ላይ አሳረፈ። ሲይሚክ ኃይሉን በሚለካው አሮጌ ባለመርፌ መሣሪያ ፊት ቆመ። እኔ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ፣ ቀኝ እጄን ከጭኔ ሥር ከትቼ።

ሰባት ሰዓት ከአምስት ላይ ምስሉ ፈረሰ፤ ፀሐይ ገባች።

ሰባት ሰዓት ከሰባት ላይ ስክሪኑ ጣቴን ጠየቀ። ሰባት ሰዓት ከስምንት ላይ እንደገና ጠየቀ። እጄ ላይ ይበልጥ ተጭኜ ተቀመጥኩ። ከዚያ በስክሪኑ ላይ ያሉት ሳጥኖች ሁሉ ጠፉና ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ አረንጓዴ ሆነ፤ መዘጋቱ የደህና መዘጋት ስለሆነ በደህና ቀለም ነው የሚጻፈው። ከታች በትናንሽ ፊደል «ኃላፊ አልተገኘም። ጣቢያው በደህና ተዘግቷል» ይላል።

በሬዲዮው «ምን ይላል?» አለ ዤኒሽ።

ተዘግተናል ይላል አልኩት።

ዤኒሽ መለሰልኝ፤ «ሱዩምካን፣ እኔ የቆምኩት ሌላ ጣቢያ ነው እንዴ? እጄ ሥር ይንጫጫል እኮ።» ሲይሚክ ደግሞ «ኤጄ፣ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ዝንብ እንኳ አላረፈችበትም» አለኝ። ሰባት ሰዓት ከአሥራ አምስት ላይ ፀሐይ ከሳተላይቷ ጀርባ ወጣች፣ ምስሉ ተመለሰ፤ አንዲት ሴትዮ የጉንፋን መድኃኒት ታስተዋውቅ ነበር። ጣቢያው እየሠራ ነበር። ሠርቶ የማያውቀው የኔ ጣት ነበር።

ለጥያቄዬ መልሱ ይኸው ነው፣ ክቡር ሆይ፤ አይዘጋም። ዐይንም እጅም አልተሰጠውም። አሥራ አራት ወር ሙሉ በየስድስት ሰዓቱ መኖሬን ያረጋገጥኩት ለአንድ ሥዕል ነው። ዤኒሽ ከማሰራጫው ቤት ሲመለስ ኮቴን ከመስቀያው አንሥቶ ያዘልኝ። ሲይሚክ ግን ማላገጡን አይተውም፤ «ኤጄ፣ ጣትዎን ትተውልን አይሂዱ፤ ዕረፍት ይሰጠው» አለኝ። ጣቢያውን ሁለቱ ይጠብቁታል፤ ሁልጊዜም እንደምንጠብቀው፣ በጆሮ፣ በመዳፍና በመጥረጊያ።

ቶክሞክ ስደርስ የሳምሳ መሸጫዋን ማለፍ አቃተኝ። ሾፌሩ ለሻይ የቆምን መስሎት ነበር። ተቀምጬ የመንገዱን ቀጣይ ክፍል አየሁት፤ እንደማንኛውም መንገድ ነበር።

ታላስ በገባሁ በሦስተኛው ቀን የካኒሻይን እግሮች አሰርኩ። ክሩን ስትነካው ሳቀች። የሰፈሩ ልጆች ከወንዙ ዳር ሮጡ፤ ያሸነፈችው የጎረቤት ልጅ አንድ ጫማዋን መንገድ ላይ ጥላ መጣች፣ ቢላውን አይዛዳ እጇን ይዛ አስቆረጠቻት። ካኒሻይ እግሮቿን ወደ ታች አየች። አየችኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ መጣችና ጉልበቴ ላይ ወደቀች፤ ሰው ሁሉ ጮኸ፤ ቡርማ አለቀሰች። እኔ ሰዓቴን አየሁ። በልቤ መቁጠሬን አልተውኩም፤ ካለፈው የመጫኛ ሰዓት አምስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ደቂቃ ሆኖት ነበር። ማንም ሳያየኝ አውራ ጣቴን የልጅቷ ጀርባ ላይ አሳረፍኩና ተጫንኩ፤ ከዚያ ተረጋጋሁ።

ለዚህ ማካካሻ የምጠይቅዎት ነገር የለም። የኮሚሽኑን ጥበብ፣ የሰሙን ቅላት፣ የግድግዳዎን ውበት እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ እያሰብኩ፣ በሚቀጥለው ምርጫም የሚሳሳቱበት ነገር እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና ከዚያ ከፍ ባለ ሥፍራ ያለሁት፣ በመዝገባችሁ ላይ ያለሁት ጣት፣

ሱዩምካን ቤይሼኖቭና
ታላስ

ከስሜ ጎን በሰማያዊ ቀለም አውራ ጣቴን አትሜያለሁ። ሌላ ማረጋገጫ የሚሆንበት ቦታ የለኝም።

ማስታወሻ፦ ይህን ስጽፍ ጣቴን መሣሪያው ላይ ካልተጫንኩ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ይኸው ስክሪን በእርስዎ ግድግዳም ላይ ስላለ፣ ኮሚሽኑ የመረጠው ሶፍትዌር ከኮችኮር በላይ ያለው ጣቢያ መዘጋቱን ላለፉት ዘጠኝ ቀናት ያለማቋረጥ ሲነግርዎት ሰንብቷል፤ እስካሁን ግን አንድም ሰው ደውሎ ምን ሆናችሁ አላለንም። ፊደሉ ትንሽ ስለሆነ አልፈርድብዎትም። ጠጋ ብለው ያንብቡት፤ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ በግራ ጥግ ነው።